ከውጭ ስምንት፣ ከውስጥ ስድስት

ሰውየው መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያኖረው ከመልኩ በፊት ያወቅኩት ሽታውን ነው። የማባዣ ቀለም፣ አቧራና ተዘግቶ የኖረ ሱቅ ተቀላቅለው የሚሸቱት ሽታ። ከአፍንጫዬ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ለማወቅ ግን አፍታም አልፈጀብኝ። ሽፋኑ ከዶሴ የተቆረጠ ጠንካራ ወረቀት ነው፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፣ ጀርባው በክር ተሰፍቷል። ከላይ «የምርጊቱ ምስጢር» ይላል። ዝቅ ብሎ «ደራሲ፦ ንጋቱ»፤ ከእሱ በታች፣ ማንም ጻፊ ሳይለኝ ያኖርኩት፣ «በታይፕ የጻፈችው፦ ስንዱ»። ያንን መስመር ስጽፍ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሰውየው ሲያኖረው ሳየው ግን ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

ይዞት የመጣው በምርኩዝ የሚሄድ፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሌለ፣ ጢሙን ሂና የቀባ ሰው ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። እትዬ ስንዱ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት። እንግዳን በደግ ፊት መቀበል ከተውኩ ቆይቻለሁ።

«ጀማል እባላለሁ፤ የቦርደዴዋ የሀሊማ ልጅ።»

ከዚያ በኋላ ቁጭ በል ማለቴን እንኳ አላስታውስም፤ ብቻ ተቀምጧል። መጽሐፉን ያገኘው መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ላስቲክ ላይ ከተዘረጋ ዕቃ መሃል ነው። አንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ሞቶ፣ ልጆቹ ሱቁን ሲያጸዱ የተረፈውን ሁሉ አውጥተው እየቸበቸቡ ነበር። ጀማል አማርኛ ማንበብ የተማረው ጦር ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ሳያነብ አያልፍም።

«ሁለት ቀን ነው ያነበብኩት። ወላሂ የኛ ቤት ነው! ሰማያዊው በር አለ፣ ወፍጮ ቤቱ አለ፣ የሮቃው ዛፍ አለ። ግድግዳውም አለ። ያ ሰውዬ ከውጭ ስምንት፣ ከውስጥ ስድስት እያለ እርምጃ ይቆጥራል። በሁለቱ እርምጃ ውስጥ ዘጠኝ ወር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ሬሳ አለኝ እንጂ በሕይወት ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«እናቴ የወባው ሰውዬ ነው የሸጠን ስትል ነው የኖረችው። ቤታችን የገባ ሌላ ሰው የለም። ፓምፑን ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን ሲረጭ እሰማው ነበር፤ እኔ ያለሁበት ጋ ሲደርስ ፓምፑ ቀጥ አለ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ያን ቀን ነው የጠረጠርነው። አሥራ አምስት ቀን ቦኬ አጎቴ ጋ አሸሸችኝ፣ ምንም ነገር ሲጠፋ መለሰችኝ። ኋላ ሰዎች ‹ጻፈባችሁ› ሲሉን የጥቆማ ደብዳቤ ነበር የመሰለን። መጽሐፍ መሆኑን ያወቅኩት ገና አሁን ነው። ንጋቱ ነው የጠቆመን፣ አይደለም?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ተነስቼ ከአልጋዬ ሥር ሣጥኔን ጎተትኩና አራት ደብተር አወጣሁ። የንጋቱ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ሳልመልስለት የቀረሁት። «መጀመሪያ ይህን አንብብ። እሱ በእጁ የጻፈው ይኸው ነው። ስትጨርስ ና፣ የምታውቀውን ታውቃለህ፣ የቀረውን እኔ እነግርሃለሁ» አልኩት። ደብተሮቹን በጨርቅ ቦርሳው ከትቶ፣ የታይፑንም ከላይ ጨምሮ ወጣ። ለእሱ አስቤ አይደለም የሰጠሁት፤ ቀን ለማራዘም ነው።

ንጋቱን እጠላው ነበር። አሁንም አልወደውም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል፤ እኔን ግን ያድርገኝ።

ያኔ ከተማችን አሰበ ተፈሪ ነበረች። ዛሬ ጭሮ ናት፤ ብርዷም ጭቃዋም በስሙ ለውጥ አልተነካም። የምሠራው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በታይፒስትነት ነበር። ዛሬ ልጆቹ በአንድ አውራ ጣት ስልክ እየነካኩ ጻፍን ይላሉ፤ እኔ ወረቀቱን ሳላይ፣ ከሰው ጋር እየተጣላሁ፣ አንድ ፊደል ሳልስት እጽፍ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲም በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ፓስቲው የሚጠቀለልበት ወረቀት አንዳንዴ ከራሳችን ቢሮ የወጣ ደብዳቤ ሆኖ ይገኛል። ወንዶቹ ሳፋሪ ለብሰው ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካሉ፤ አንዱ አይጽፍም። እኔ የምለብሰው ከታች ጠበብ ያለ የቴትሮን ጉርድ ነበር፣ የድሬዳዋ ዕቃ፤ ከወደ ጫት ተራው የሚመጣው ነፋስ ቢነፍስም የማይገልበው። ከቢሮው በታች ያለው ሻይ ቤት አንድ ካሴት ብቻ ነበረው። ጠዋት ይጀመራል፣ ሲያልቅ ይገለበጣል፣ ማታ ድምፁ እስኪዝል ይዘፍናል፣ በማግስቱ ያው። ከዘፈኑ ይልቅ ካሴቱ ሲገለበጥ «ቀጭ» የሚለው ዛሬም በጆሮዬ አለ።

ከሻይ ቤቱ ቀጥሎ ሰዓት ጠጋኙ ነበር። ከሰዓቱ ይልቅ የሚያኖረው መጽሐፍ ማከራየት ነበር፤ በቀን አሥር ሳንቲም። መጽሐፉ ሲገረጅፍ ሽፋኑን ቀድዶ ከዶሴ አዲስ ሽፋን ይሰፋለታል። የመጨረሻው ገጽ የጠፋበትን መጽሐፍ ሲያከራይ መጨረሻውን በቃሉ ይነግራል፣ እንደ ጠያቂው ጠባይም ይለዋውጠዋል። ለእኔ አንድም ጊዜ ጥሩ መጨረሻ ነግሮኝ አያውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ባል አላገባሁም ነበር፤ ሰፈሩ ይህን እንደ ዕዳ ቆጥሮብኛል፣ እኔም አፌን አሹዬ እኖር ነበር። ጎበዝ ታይፒስት እንጂ ጥሩ ሴት ብሎ የጠራኝ የለም።

ንጋቱ የወባ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ካኪ ለብሰው፣ ፓምፕ አዝለው፣ ቆላ ቆላውን እየዞሩ የቤት ግድግዳ የሚረጩት። ዲዲቲው ልብሱ ውስጥ ስለገባ ሲመጣ ዝንብ ይሞታል እያልን እንስቅበት ነበር። አይስቅም። ሰውን ሲያናግር ከሰውየው ትከሻ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው። አንድ ቀን አራት ደብተር ይዞ መጣና «ልብ ወለድ ነው፤ አዲስ አበባ ልኬ ላሳትመው ነው። በአንድ ካርቦን ጻፊልኝ» አለኝ፣ እባክሽ እንኳ ሳይል። ተቀበልኩት፣ የሚከፍለኝን ስለፈለግኩ ሳይሆን፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ሰው ምን ይጽፍ ይሆን ብዬ።

ምን ልበላችሁ! ታሪኩ ብርቱ ነበር። አንድ የቡና ነጋዴ ከመቻራ ተነስቶ ወደ ከተማ ሲመጣ መንገድ ላይ ይጠፋል። ፖሊስ በቅሎውን ያገኛል፣ ሰውየውን አያገኝም። አንድ የወባ ሠራተኛ ግን እንደ ልማዱ አንድ ቤት ሊረጭ ይገባል። እነሱ ሲረጩ ከጣሪያ እስከ ወለል ፓምፑን አንዴ ያወርዱና አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላሉ፣ እንደገና ያወርዳሉ፤ ስለዚህ ቤት ሁሉ ለእነሱ በእርምጃ የተቆጠረ ነው። ያ ቤት ከውጭ ስምንት እርምጃ፣ ከውስጥ ስድስት ይሆንበታል። ደግሞ ባለቤቶቹ ከመርጨት በፊት ዕቃ በሙሉ አውጡ ሲባሉ የበቆሎ ጆንያዎቹን ከአንዱ ግድግዳ አላነሱም፤ ግድግዳውም አዲስ ምርጊት ነው። ሬሳው እዚያ ነው! ምሳዬን ትቼ ነው ያነበብኩት፣ እውነቱን አልክድም።

አጻጻፉ ግን! ሲጀምር ከመጨረሻው ይጀምራል። አራት ሰው «እሱ» ይባላል፣ የትኛው እሱ እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስልም። አንዷን ዓረፍተ ነገር በቃሌ ይዣታለሁ፦ «እሱ እሱን ሳያየው በፊት ያየው እሱ በሩ ሰማያዊ ይሁን አይሁን ነገ የሚያስታውሰው ትናንት ስለነበረ ዝም አለ።» ቤቱ በአንደኛው ደብተር ቦኬ ነው፣ በሁለተኛው መቻራ፣ በሦስተኛው ስም የለውም። ወፍጮ ቤቱ ግራ ነበር፣ ሦስት ገጽ ሳይሄድ ቀኝ ሆነ። የቤቱ እመቤት ሦስት ስም አላት። በቀይ እርሳስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ታሪኩ ጠንካራ፣ አጻጻፉ ግራ የሚያጋባ። ይስተካከል» ብዬ ጻፍኩና አሳየሁት። አይቶ፣ ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ እያየ፣ «እንዳለ ጻፊው» አለኝ።

«ሰው አይገባውም እኮ!»

«ታይፒስት ነሽ። እንዳለ ጻፊው።»

በማግስቱ ቡድኑን ይዞ ወደ መቻራ ሄደ፤ ያ መንገድ ሲዘንብ መኪና ሲውጥ የሚውል ነው፣ ሁለት ወር አይመለስም። «ታይፒስት ነሽ» ያላት ቃል ግን ከእኔ ጋር ቀረች። አማርኛውን በእኔ የሚያሳርመው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እንግዲያውስ አሳይሃለሁ አልኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። እያንዳንዱን «እሱ» ስም ሰጠሁት። ከዚያ ቤቱ የሚነገርበት ቦታ ላይ ደረስኩ፣ ቤቱንም አወቅኩት።

ልጅ ሆኜ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቦርደዴ አክስቴ ጋ እወርድ ነበር፤ ሻይ ቤት ነበራት። ከሻይ ቤቱ ጀርባ ወፍጮ፣ ከወፍጮው አልፎ ትልቅ የሮቃ ዛፍ፣ ከዛፉ ፊት ለፊት ሰማያዊ በር ያለው የሀሊማ ቤት። ሀሊማ ወተት ትሸጣለች፤ ለእኔ ግን አትሸጥም። በሯ ላይ ሳልፍ «ኮቱ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ጠጪ!» ብላ በቅል ሞልታ ትሰጠኛለች፣ ጺዴ የምትባለውን ላሟንም እንድነካት ትፈቅድልኛለች። እንዲህ ያለ ደግነት በዚያ ሁሉ ዘመኔ ከሌላ ሰው አላገኘሁም። ንጋቱ ሦስት ቦታ የበታተነው ሰማያዊ በር፣ ወፍጮና የሮቃ ዛፍ የእሷ መሆኑን ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አንድ ዝንጉ ደራሲ የሚያውቀውን ቤት ወስዶ የት እንዳለ ረስቶታል፣ እኔ አስታወስኩለት ብዬ ነው ያሰብኩት። ልጇ ጀማል ጅቡቲ ሄዷል ይባል ነበር፤ ሀሊማም ለጠየቃት ሁሉ እንዲሁ ነበር የምትለው። ጎረምሳ ከመንገድ፣ ከገበያ፣ ከሠርግ ቤት እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ በሚወሰድበት ጊዜ ልጅ ጅቡቲ ሄደ ሲባል ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ዝም ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ክፋት፣ በንጹሕ አማርኛ፣ «ቦርደዴ ከወፍጮ ቤቱ በስተጀርባ፣ ከሮቃው ዛፍ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት» ብዬ ጻፍኩ። አሁን አንባቢ አይጠፋም አልኩ ለራሴ።

ንጋቱ ያዘዘኝ አንድ ቅጂና አንድ ካርቦን ነበር። እኔ በስቴንስል ጻፍኩት፤ በምሳ ሰዓት የቢሮውን ማባዣ አዙሬ ስድስት አደረግኩት። ሥራዬን ወደድኩታ! ስድስተኛውን ለሰዓት ጠጋኙ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን ደጁ ላይ ቆሞ «አንቺ ስንዱ፣ ይህን ስጀምር ሰዓት መጠገን ተውኩ እኮ! እንደ ውኃ ነው የሚወርደው» አለኝ። በዚያች ከተማ ሰው ፊት የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ንጋቱ ከመቻራ ተመለሰ። ጭቃው ከጫማው ሳይራገፍ ቢሮ መጣ። አምስቱን ቅጂ እየኮራሁ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት። ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኖረ።

«እኔ ቦርደዴ ብዬ ጽፌያለሁ?»

«አልጻፍክም። ግን ቦርደዴ ነው። አንተ ቤቱን ሦስት ቦታ ጣልከው፣ እኔ አንድ ቦታ ሰበሰብኩት።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ሰው እንዲገባው ነዋ!»

«እንዲገባው አይደለም የጻፍኩት» አለ። አልጮኸም፤ እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «ስንት ነው ያባዛሽው?»

የሕይወቴ ጥያቄ ይህች ነበረች። ሌሎቹ ታይፒስቶች እጃቸውን መኪናው ላይ እንዳደረጉ ጆሯቸውን አቁመዋል። ሁለት ወር የለፋሁበትን እንደ ቆሻሻ በእጁ ጨብጦታል። ምክንያቱን ቢነግረኝ ኖሮ ሮጬ ሄጄ ከሰዓት ጠጋኙ እጅ ነጥቄ አመጣለት ነበር፤ ቢያንስ እንዲህ እያልኩ እኖራለሁ። ግን ያኔ ማን ለማን ምን ይናገር ነበር? ግድግዳም ጆሮ አለው የሚባለው ለተረት ያህል አልነበረም። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም ልቤ በቂም ተሞልቶ ነበር።

«አምስት» አልኩት። «ያው እጅህ ላይ ያለው።»

አምስቱንም ይዞ ሄዶ ጓሮው ውስጥ አቃጠላቸው፤ ጎረቤቱ ነገረችኝ። እኔ በልቤ «አንዷ አለችልኝ» እያልኩ ሳቅኩ። እስቅ ነበር ማለት ነው እንግዲህ፣ ያን ሳምንት ሙሉ፣ ሻይ ቤቱ ደጅ ስቀመጥ፣ ስድስተኛው መጽሐፍ ከእጅ እጅ ሲዞር እያየሁ።

ከአንባቢዎቹ አንዱ የቀበሌ ታጣቂ ነበር። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ የሚያነብ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገጽ የሚገልጥ፣ ለሰውም የማይከፋ ነበር። መጽሐፉን ጨርሶ በመለሰ በሳምንቱ ለአፈሳ ቦርደዴ ከወረዱት ጋር ወረደ። እዚያ ወፍጮ ቤቱን አየ፣ የሮቃውን ዛፍ አየ፣ ሰማያዊውን በር አየ። ሌሎቹ ቤቱን ፈትሸው ሊወጡ ሲሉ እሱ ለጨዋታ ያህል ከውጭ በእርምጃው ለካው፤ ስምንት። ገባና ለካ፤ ስድስት። ጆንያዎቹን አነሱ፣ ግድግዳውን በሰደፍ መቱት። ከኋላው ጀማል፣ አንድ እንስራ ውኃና አንድ ሰሌን ተገኙ። ሀሊማ ከሮቃው ዛፍ ሥር እየተንከባለለች መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ «ልጄ የማንንም አልበላም! ልጄን!» ስትል የሰማ ሁሉ ያወራል። ታጣቂው ተመልሶ ሻይ ቤታችን ተቀመጠና ሻዩን እያማሰለ፣ «መጽሐፍ ማንበብ ይጠቅማል ስላችሁ አትሰሙኝም!» አለ። ሳቁ። እኔ ፓስቲ በእጄ ይዤ ነበር፤ የት እንደጣልኩት አላውቅም።

ንጋቱ አንድ ጊዜ ብቻ መጣ። ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠና «ስድስተኛ ነበር» አለ።

ጥፋተኛ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ቀድሜ ጮህኩ። «አንተ ባትጽፈውስ! ሰው ግድግዳ ውስጥ እንዳለ ካወቅክ ምን አጻፈህ? ከጻፍክስ ምን ታይፕ አስደረገህ?»

«ያን ግድግዳ አልረጨሁትም» አለ፣ እንዳልሰማኝ። «ከጎኑ ስረጭ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ከኋላው ሰው ሳሉን ሲውጥ ሰማሁ። ፓምፑን አቆምኩ። ካርዱ ላይ ሁሉም ተረጭቷል ብዬ ፈርሜ ወጣሁ። ለሚስቴ አልነገርኩ፣ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩ። ሲሞላብኝ ጻፍኩት። ማንም እንዳያገኘው አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ ስንዱ። የት እንደሆነ፣ ማን እንደሆነች፣ ስንት ጊዜ እንደቀያየርኩት! ስንት ሌሊት ፈጀብኝ መሰለሽ ያንን ማጥፋት?»

«ታዲያ ላሳትመው ምን አሰኘህ?»

እንደገና ከትከሻዬ በላይ ያለውን ግድግዳ እያየ፣ «ደራሲ ልባል ፈለግኩ» አለ። ለዚህች መልሱ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ እኔም የፈለግኩት ያንኑ ስለነበረ ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው። ደራሲው የወባው ንጋቱ ነው፣ ሀሊማ ቤት የገባውም የወባው ንጋቱ ነው፤ ሁለትና ሁለት አራት። ታይፒስት ምን ታውቃለች? «የታዘዘችውን ነው የጻፈችው» አሉኝ፣ አዝነውልኝም ነበር። ሻይ ቤት ሲገባ ሰው ይነሳል። ቦርደዴ ቡድኑን ይዞ ቢወርድ በር ሁሉ ተዘጋበት፤ ዓመት ሙሉ ወባው ቢጨርሳቸው መረጡ እንጂ እሱን አላስገቡም። አንድ ቀን ለአንድ ሰው «ስንዱ ናት» ቢል ይበቃው ነበር። አላለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን እኔን ነው ያነቀዘኝ። መንገድ ላይ ስናልፍ አንገቱን ዝቅ ያደርግልኛል፤ ያን ጊዜ ድንጋይ ብወረውርበት ደስ ይለኝ ነበር። ምናለ ቢሰድበኝ! ምናለ ቢከሰኝና እኔም ብሟገተው! ኋላ ለመቻራ ተዛወረና እዚያው ሞተ፤ ቀብሩ ላይ የቆመው ጥቂት ሰው ነው አሉ። እኔ አልሄድኩም። መንገዱ መጥፎ ነው ብዬ።

ወደ ሀሊማም አልሄድኩም። ሁለት ጊዜ መኪና ተሳፍሬ ነበር። አንድ ጊዜ ቦርደዴ ወርጄ የሮቃውን ዛፍ አየሁት፣ ከሥሩ ቁጭ ብላለች፤ ወተት አትሸጥም ነበር። አላየችኝም። በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ። እንግዲህ ሰው ክፉ አፍ አላት ሲለኝ ኖሯል፤ ክፉው አፌ አንዷን ቀን ቢከፈት ኖሮ ምንኛ በበጀ።

ጀማል በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፣ ከጁምዓ በኋላ። ሰላምታ አልሰጠኝም። ደብተሮቹን በአንድ በኩል፣ የታይፑን መጽሐፍ በሌላ በኩል ጠረጴዛው ላይ አኖረና ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለ፣ እጁን ደብተሮቹ ላይ አድርጎ። «ፊደሉ አስቸጋሪ ነው፣ ነገሩም አይያዝም። አንዱ እሱ ይገባል፣ ሌላው እሱ ይወጣል። ግን ቤታችንን ፈለግኩት፣ እትዬ። በሩን አገኘሁ ስል ቦኬ ይሆንብኛል፣ ወፍጮውን አገኘሁ ስል ይገለበጣል። እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ተወልጄ፣ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሬ፣ ቤታችንን እዚህ ውስጥ አጣሁት።» ከዚያ እጁን አንስቶ ወደ ሌላው ጠቆመ። «እዚህ ውስጥ ግን አለ። ማን ነው ያስገባው?»

«እኔ» አልኩት። «ቦርደዴን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስንት ቅጂ እንዳለ ሲጠይቀኝም የዋሸሁት እኔ ነኝ። ፓምፑን ያቆመው ስትስል ስለሰማህ ነው፣ እንዳይገድልህ። መቻራ ሄዶ እስኪሞት ለማንም አልተናገረም፣ በእኔም ላይ አልተናገረም።»

ከውጭ ባጃጅ ያልፋል፣ አንድ ልጅ ጫት ጫት እያለ ይጮኻል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

«እናቴ የሞተችው አምና ነው» አለ። «በየሶላቷ፣ አምስት ጊዜ በቀን፣ ዱዓ ስታደርግ ንጋቱን ትረግመው ነበር። እኔ በአንድ እግሬ ከተመለስኩ በኋላም አልተወችም። ስትሞትም አፏ ላይ የነበረው እሱ ነው። ያን ሁሉ እርግማን አሁን ማን ይመልስለት? አንቺ ትመልሺለታለሽ?»

አንቺ አለኝ። ቅድም እትዬ ብሎኝ ነበር።

«አልችልም» አልኩት።

«አዎ፣ አትችይም።»

ተነሳ። አራቱን ደብተሮች አንድ በአንድ አነሳና ጠርዛቸውን አስተካክሎ በቦርሳው ከተተ። መቻራ የሚሄድ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በሩ ጋ ሲደርስ መጽሐፉን ረስቶት መስሎኝ ጠራሁት። ዞሮ ሳያየኝ «እሱ ያንቺ ነው» አለና ሄደ።